ሞራ የለበሰ የመኪና መብራት ምንድን ነው?

የድሮ ቮልስና እ.ኤ.አ. የ2005 ቪትዝ ጎን ለጎን ቆመው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቮልሷ ስንቴ ቀለም ተቀብታለች፣ ፓራፋንጎዋ ስንቴ ተቀጥቅጧል። መብራቷ ግን ዛሬም ኩልል ያለ ነው። ቪትዟ በዕድሜ ልጇ ብትሆን ነው፤ መብራቷ ግን ቢጫ ሞራ ለብሶ ውስጡ ያለው አምፖል እንኳ በቅጡ አይታይም።

ልዩነቱ የተሠሩበት ነገር ላይ ነው። የቮልስ፣ የላዳና የድሮዎቹ ኮሮላዎች መብራት ፊቱ መስታወት ነው። መስታወትን ጸሐይ ምንም አታደርገውም። የአሁኖቹ ግን ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ፊቱ ፕላስቲክ ሆኖ አምፖሉ ብቻ የሚቀየር መብራት በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ የ1984ቱ ሊንከን ማርክ ሰባት ቀዳሚው ነበር። ፖሊካርቦኔት ቀላል ነው፣ በፈለጉት ቅርጽ ይወጣል፣ ጠጠር ቢመታውም በቀላሉ አይሰበርም። አንድ ጠላት ግን አለው፦ የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ፕላስቲኩን ጠንካራና ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይቀባዋል። ውፍረቱ ከአንድ ፀጉር ያነሰ ነው። መኪናዋ አዲስ እያለች ጨረሩን የሚመክተው ይሄ ሽፋን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን እሱም ያረጃል፤ ይሰነጣጠቃል፣ ቦታ ቦታውን ይላጣል። ያኔ ጨረሩና አየሩ ፕላስቲኩን ያገኙታል። ፕላስቲኩ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ይቢጫል፣ ፊቱ ይሻክራል። ስለዚህ ያ ሞራ ቆሻሻ አይደለም። የሞተ ሽፋንና የተጎዳ ፕላስቲክ ነው። በሳሙና ቢያሹት የማይለቀውም ለዚህ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ከፍታው አለ። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጥላ የሌለው ግቢና የመንገድ ዳር ማቆሚያ ሲጨመርበት መብራቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ ይውላል። ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ብሶበት ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ መኪናዋ ስትቆም ወደ ጸሐይ የሚዞረው ጎን ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መወልወልም የራሱን ያግዛል፤ አቧራ ይቧጭራል።

ታዲያ መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባል ነበር። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሙከራ፣ የደበዘዘ መብራት አዲስ ሆኖ ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሰጠው። የቀረው የትም አልሄደም። ግማሹ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፣ ግማሹ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። አንዳንዱ ይሄኔ ሞራውን ትቶ ኃይለኛ አምፖል ያስገባል። ለእሱ ብዙም አይጨምርለትም፤ ሌላውን ግን ያሳውራል። ማታ መንገድ ላይ የምንሳደበው ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ ማጽዳቱ ከመግባታችሁ በፊት መብራቱ ላይ ውኃ አፍስሱበት። እርጥብ እያለ ጥርት ብሎ ሲደርቅ ከደበዘዘ፣ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ይድናል። ውኃ ነክቶትም ካልተለወጠ ሞራው ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ ከሆነ ሥራው ሁለት ነው፦ የሞተውን ማንሳትና አዲስ ሽፋን መስጠት። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብርጭቆ ወረቀት ነው። መብራቱ በደንብ ይታጠብና ዙሪያው ያለው ቀለም፣ ኮፈኑም ፓራውልቱም፣ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ይህን አትዝለሉ፤ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ቀለም ከነካ ሌላ ወጪ ነው። ከዚያ ትንሽ ሳሙና ባለው ውኃ እያራሱ በ800 ቁጥር ይጀመራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ ነው። ሽፋኑ እየተላጠ ከሆነ 600 ወይም 400 ሊያስፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ ዓይናችሁ የሚወርደው ውኃ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ነው የሚወርደው። እሱ የሞተው ሽፋን ነው። እየቆየ ነጭ፣ ወተት መሳይ ሲሆን ጤነኛው ፕላስቲክ ጋ ደርሳችኋል ማለት ነው። ቢጫ እያለ ወደሚቀጥለው ቁጥር መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ከዚያ በኋላ በሚመጡት ደቃቅ ወረቀቶች ስትለፉ ብትውሉ የቀረው ንጣፍ አይነሳም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ ካርታ ተስሎ ይቀራል። ከ800 በኋላ 1500፣ 2000፣ ከተገኘ 3000። አንዱን ቁጥር አግድም ካሻችሁ ቀጣዩን ወደ ላይና ወደ ታች እሹት። የፊተኛው ጭረት መጥፋቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። መሃል ላይ መብራቱ ከበፊቱ ብሶ ወተት ሲመስል አትደንግጡ፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። መጨረሻ ላይ ፖሊሽ ያወጣዋል። በመሰርሰሪያ ፖሊሽ የምታደርጉ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፣ ፕላስቲኩ በሙቀት ይበላሻል።

መብራቱ አበራ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራውም ጭምር። አሁን ግን ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው። የቀረችውን አሮጌ ሽፋን ራሳችሁ አንስታችኋል። እንዲህ ከተተወ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ።

የጥርስ ሳሙናም ነገሩ ይኸው ነው። ውሸት አይደለም፣ ይሠራል፤ ውስጡ ደቃቅ ፈግፋጊ ነገር ስላለ ቀለል ያለውን ሞራ ያነሳል። ግን ምንም አይሸፍንም። ዘይትና ደብሊውዲ ፎርቲ የሚባለው የዝገት ማላቀቂያ ርጭት ደግሞ ሞራውን እንኳ አያነሱም፤ ሻካራውን ሞልተው ለጊዜው ያሳምራሉ፣ ሲታጠብ አብረው ይሄዳሉ። መኪና ሊሸጥ ሲል የሚቀባ ሰው ስላለ፣ ገዢ የሆነ ሰው መብራቱን በሳሙና አሳጥቦ፣ አድርቆ ቢያይ አይከፋም። ከሁሉም የከፋው የትንኝ መከላከያ ርጭት ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዲት የሚባለው ኬሚካል የላይኛውን ፕላስቲክ አሟሙቶ ነው የሚያበራው፤ የመኪናውንም ቀለም ካገኘው አይምርም።

ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ሽፋኑ ላይ አውጡ። አልትራቫዮሌት የሚከላከል የመብራት ሽፋን አለ፤ ለመኪና ቀለም የሚሆን ባለ ማጠንከሪያ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ቅብም ይሆናል። ከመቀባቱ በፊት መብራቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ የጣት አሻራ እንኳ መቅረት የለበትም። አቧራና ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። ባለ ማጠንከሪያውን ክሊር መርጨት ግን ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ጭሱ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፣ ተራ የጨርቅ ማስክም አይመልሰው። እሱን ለቀለም ቀቢ ስጡት፤ እናንተ በጨርቅ የሚቀባውን ውሰዱ። በደንብ የተሸፈነ መብራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ከትሪፕል ኤ ሙከራ እንደታየው የታደሰ መብራት ብርሃኑ ወደ አዲሱ 70 በመቶ ያህል ይመለሳል። ከ20 ወደ 70፣ በብርጭቆ ወረቀትና በግማሽ ቀን ጉልበት፣ መጥፎ አይደለም። ከውስጥ የደበዘዘ፣ ውኃ ያቆረ ወይም አንጸባራቂው የተቃጠለ መብራት ግን በማሸት አይድንም። እንዲህ ከሆነ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ አቅም ከፈቀደ ሁለቱንም አንድ ላይ ግዙ፤ አንዱ ብቻ ሲቀየር አዲሱ አሮጌውን ያሳጣዋል።