«የኦቲዝም ቤኒፊት» ምንድን ነው?

ባጭሩ፦ የለም። እንግሊዝ አገር «የኦቲዝም ቤኒፊት» (ለኦቲዝም ተብሎ መንግሥት የሚከፍለው አበል) የሚባል ነገር የለም። ያለው ዲ.ኤል.ኤ. የሚሉት የአካል ጉዳት አበል ነው። ዕድሜው ከ16 በታች ሆኖ ከእኩዮቹ እጅግ የበዛ እንክብካቤ ወይም ጥበቃ ለሚያስፈልገው፣ አለዚያም ከቤት ወጥቶ መንቀሳቀስ ለሚቸግረው ልጅ በሳምንት ሂሳብ የሚታሰብ ገንዘብ ነው። ሐኪም ስም ያወጣለት ሕመም ይኑርበት የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ የለም።

ለንደን የቤኒፊት አማካሪ ሆኜ ቅጽ ስሞላ ኖሬ ነው ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩት። ሥራው ግን ተከትሎኝ መጣ። በሰፈሬ ልጁ ወይም እህቱ ባሕር ማዶ ያለችበት ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውም ያው አንድ ነው። «ጋሼ፣ የልጅቱ ልጅ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አይናገርም። ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም ብለው ለምርመራ ወረፋ አስይዘዋቸዋል። የምርመራው ውጤት ወረቀት እስኪወጣ ይጠብቁ አይደል?»

አይጠብቁ። ሰሞኑን ደግሞ በቴሌግራም የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ተናጋሪው ረጋ ባለና ሰው በሚያሳምን ድምፅ «ዲያግኖሲስ (ሐኪም ያወጣው የሕመም ስም) ሳይኖራችሁ እንዳታመለክቱ፤ አንዴ ውድቅ ከተደረገባችሁ ፋይላችሁ ይበላሻል» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት! ምን ያህል እናት ይህን ሰምታ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ እንደከተተችው ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እስቲ ከዜጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ የደንገል ታንኳ አስቡ። ዳር ቆሞ የሚመለከት ተቆጣጣሪ አለ እንበል። የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታንኳው ውኃው ውስጥ ምን ያህል ጠልቋል? እንጨቱ ወይራ ይሁን ዋንዛ አልተጠየቀም። ወይራ መሆኑ ቢነገረው ይጠቅመዋል፣ ከባድ እንጨት ስለሆነ ጥልቀቱ ለምን እንደበዛ ይገባዋል። ነገር ግን የሚለካው ጥልቀቱን ነው። ዲ.ኤል.ኤ.ም እንዲሁ ነው። ኦቲዝም የሚለው ስም የጭነቱን ዓይነት ይናገራል፤ አበሉ የሚከፈለው በጥልቀቱ ልክ ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ከሌላ ታንኳ ጋር እንጂ ለብቻው አይለካም፤ ትንሹ ታንኳ ከትልቁ ጋር አይወዳደርም። የሁለት ዓመት ልጅ ዳይፐር ማድረጉ ምንም አይደለም፣ የስድስት ዓመት ልጅ ዳይፐር ካደረገ ግን ጥልቀት ነው። ሕጉ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ትንንሽ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ሆኖ በእሱ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ ግን የማያስፈልገው ነገር ይቆጠራል።

ምሳሌውን ትንሽ ላርዝመው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ጭነቱ ሳይጨመር ታንኳው ከቀን ወደ ቀን ይከብዳል፣ ለዚህ ነው ባለቤቱ ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው። ሌሊት ሌሊት ሦስቴ አራቴ የምትነሣ እናት የሚያደርቃት ፀሐይ የላትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቀዛፊው ነው። ጎበዝ ቀዛፊ የከበደውን ታንኳ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ማዕበሉን አሳልፎ፣ ሳይገለበጥ ዳር ያደርሰዋል። ዳር የቆመው ሰው ሲያየው ሸክም የሌለበት ይመስለዋል። እናትየው ልጁ መንገድ እንዳይሮጥ ቀኑን ሙሉ እጁን ይዛ፣ ድምፅ እንዳያስደነግጠው ቫኩም ክሊነሯን ደብቃ፣ የሚበላውን አንድ ዓይነት ፓስታ ከሦስት ሱቅ ለቅማ ታኖረዋለች። ቅጹ «በሚበላበት ጊዜ እርዳታ ይፈልጋል?» ሲላት «አይ፣ ደህና ይበላል» ብላ ትጽፋለች። ደህና የሚበላው በእሷ ቀዘፋ ነው! ማመልከቻ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው እንጂ በዲያግኖሲስ እጦት አይደለም።

ወደ ሕጉ ልመለስ፣ የቴሌግራሙ ሰውዬ «ይህ የአንተ ሐሳብ ነው» እንዳይለኝ። አበሉ የቆመው በ1992ቱ (እ.ኤ.አ.) የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ አንቀጽ 72 ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው መመዘኛ ልጁ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ምን ያህል እንክብካቤና ጥበቃ ያስፈልገዋል የሚል ነው። አካል ጉዳት ማለት የታወቀ የሕመም ስም ያለው ማለት ነው ወይስ የአቅም መጉደል የሚለው ክርክር እስከ ከፍተኛው የአበል ችሎት ደርሶ ነበር። አር (ዲ.ኤል.ኤ.) 3/06 ተብሎ በሚጠቀሰው ውሳኔ ዳኞቹ የሚታየው የአቅም መጉደሉ እንደሆነ፣ የምርመራ ውጤት ቅድመ ሁኔታ እንዳልሆነ አስቀምጠዋል። ይህ ከተወሰነ ብዙ ጊዜ ሆነው። የቴሌግራሙ ሰው አልሰማም።

ሕጉ የሚጠይቀው ጊዜ ግን አለ፦ ችግሩ ቢያንስ ለ3 ወር የቆየ፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል የማይናገር፣ በጣቱ የማያመለክት፣ በስሙ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ይህን ካለፈ ቆይቷል።

መጠበቅ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። ዲ.ኤል.ኤ. ወደኋላ ተመልሶ አይከፈልም። አበሉን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውላችሁ ቅጹ በፖስታ እንዲላክላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በ6 ሳምንት ውስጥ ሞልታችሁ እስከመለሳችሁ ድረስ የደወላችሁበት ቀን ይያዝላችኋል። ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ከሞላችሁት የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ እጅ የገባበት ቀን ነው። ስለዚህ ደውሉ። በ2025/26 የበጀት ዓመት ክፍያው እንደ ልጁ ሁኔታ በሳምንት ከ29.20 እስከ 187.45 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት መካከለኛው የእንክብካቤ ክፍያ ብቻውን በሳምንት 73.90 ነበር። በዚያ ሂሳብ፣ የሚገባው ሆኖ ሳለ ወረቀት ብሎ አንድ ዓመት የጠበቀ ቤተሰብ 3,842.80 ፓውንድ ቀረበት ማለት ነው። ይህን ለሰውዬው ማን ይንገርልኝ? ሳይጠየቅ የምጨምረው አንድ ነገር፦ መካከለኛው ወይም ከፍተኛው የእንክብካቤ ክፍያ ከተፈቀደ፣ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከበው ሰው የተንከባካቢ አበል የሚጠይቅበት በር ይከፈታል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ) ላይም የልጅ አካል ጉዳት ጭማሪ አለ።

ቤተሰቦች ራሳቸው የሚሠሩት ሌላ ስህተት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ወረቀቱ በእጃቸው የገባ ቤተሰቦች ቅጹ ላይ «ኦቲዝም አለበት» ብለው ጽፈው፣ የቀረውን በአንድ በአንድ መስመር ሞልተው ይልኩታል። ውድቅ ሲሆንባቸው ይደነግጣሉ። ዲያግኖሲሱ ውስጥ «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2» የሚል ቢኖርበትም የአበሉን ደረጃ አይወስንም፤ ሁለቱ የተሠሩት ለተለያየ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙ ሁለት ልጆች አንዱ ከፍተኛውን ሲያገኝ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል፣ ሕጋዊም ነው።

እንግዲህ ወረቀት ከሌለ ማስረጃው ምንድን ነው? ወረፋ የያዛችሁበት ደብዳቤ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ወይም የትምህርት ቤቱ መምህር የጻፈው። የጤና ጎብኚዋ፣ የንግግር ባለሙያው፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ማስታወሻ። ከሁሉም በላይ ግን ቤት ውስጥ የተያዘ የቀን መዝገብ፦ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ። ቅጹ ራሱ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው፤ በቀን ስንቴ፣ በእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ፣ ሌሊት ስንቴ ተነሥታችሁ ስንት ደቂቃ ቆያችሁ። «ብዙ ጊዜ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። «ልብስ ለማልበስ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ የካልሲው ስፌት ስለሚያስጨንቀው አራቴ ያወልቀዋል» የሚለው ነው ውሳኔ የሚያሰጠው። ጥሩ ቀን አለው? ጻፉት። በሳምንት ስንት ቀን ክፉ እንደሚሆን ደግሞ ከጎኑ ጻፉ። አጋኑ እያልኩ አይደለም፤ የተጋነነ ቅጽ ትምህርት ቤቱ ከሚጽፈው ጋር ሲጋጭ ያኔ ነው ነገር የሚበላሸው።

የእኛ ሰው ላይ የሚብሰው ይሉኝታ ነው። ልጅን በክፉ ማንሣት ነውር ነው ብለን አድገናል። እናት «ልጄ እኮ ብልህ ነው፣ ስልክ ከእኔ በላይ ይችላል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ቅጹ ግን ብልህነቱን አልጠየቀም። አያት ደግሞ ከዚህ ከባሕር ዳር ሆነው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ፣ ተዉት» ይላሉ። ሌላው በተደጋጋሚ የምሰማው «ቤት አማርኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ ስለሆነበት ግራ ገብቶት ነው» የሚለው ነው። ሁለት ቋንቋ ልጅን ኦቲስት አያደርግም። ስለዚህ ቅጹ ላይ በሁለቱም ቋንቋ እንደማይግባባ፣ የሚፈልገውንም በምልክት እንደማያሳይ ለይታችሁ ጻፉ፤ አለዚያ የሚወስነው ሰው የንግግሩን መዘግየት በቋንቋው ያሳብበዋል።

«ካመለከትኩ ልጄን ይወስዱብኛል» ለሚሉት፦ ዲ.ኤል.ኤ. የሚወስነው መሥሪያ ቤት አበል ከፋይ እንጂ ልጅ ተቆጣጣሪ አይደለም። «ስሙ ይበላሻል» ለሚሉትም፦ ማመልከቱ ልጁ ኦቲዝም አለበት ብሎ መፈረም አይደለም። ቅጹ ላይ «ኦቲዝም ተጠርጥሮ ምርመራ እየጠበቀ ነው» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ምርመራው በኋላ ሌላ ስም ቢያወጣ፣ ወይም ምንም ስም ባያወጣ፣ ልጁ ሌሊት መነቃቱ ያው ነው።

ፋይል ይበላሻል ስለሚለው፣ የሚበላሽ ፋይል የለም። ውድቅ ከሆነ በ1 ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ያ ካልሆነ የዳግም ውሳኔው ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ባለው 1 ወር ውስጥ ይግባኝ ለገለልተኛ ችሎት ይቀርባል። ሁኔታው ሲለወጥ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከት ማንም አይከለክልም። ችሎቱ ፊት ቀርባ የቀኗን ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ የምትናገር እናት፣ ቅጹ ላይ ከጻፈችው አሥር እጥፍ ትናገራለች። አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላለች።

እዚህ አገርስ ለሚለኝ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ብቻ ተብሎ በየሳምንቱ የሚከፈል እንዲህ ያለ አበል የለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ብዙ ትሸከማለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ግን በመጀመሪያው አንቀጹ የአካል ጉዳትን ሲገልጽ የሕመም ስም አይዘረዝርም። ዘላቂ ጉዳት ከአካባቢ መሰናክል ጋር ተጋጭቶ ሰውን ከሙሉ ተሳትፎ ሲያግደው ነው ይላል። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆኖ «ወረቀት አምጡና ልጁን እንቀበላለን» የሚል ትምህርት ቤት ሲያጋጥማችሁ፣ ክርክሩ ያው ነው።

አሁን የሙያዬ ማስጠንቀቂያዎች። ከላይ ያልኩት እንግሊዝንና ዌልስን ይመለከታል፤ ስኮትላንድ ያሉ ከ2021 ጀምሮ የሕፃናት የአካል ጉዳት ክፍያ የሚባል የራሳቸው አላቸው፣ እዚያም ዲያግኖሲስ ግዴታ አይደለም። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ገንዘብ መጠቀም ክልክል ነው የሚል ካለ ዲ.ኤል.ኤ. እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ሳትማከሩ አታመልክቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሊነካ ይችላል። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለፉት 12 ወራት ቢያንስ 6ቱን ብሪታንያ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት፤ በስደተኝነት የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች ከዚህ ነፃ ናቸው።

በተለይ ለዚህ ከተማ ዘመዶች፦ ልጁን ክረምቱን አያቱ ጋ ይቆይ ብላችሁ ስታመጡት፣ አበሉ ለጊዜያዊ ጉዞ እስከ 13 ሳምንት ይቀጥላል። ለሕክምና ብቻ ተብሎ ከሆነ እስከ 26 ሳምንት ይሄዳል፤ ጸበል በዚያ ይቆጠርልኛል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። ጉዞው ከዚያ የሚረዝም ከመሰላችሁ፣ ትኬት ሳትቆርጡ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቁ።