«ለኢንተርኔት ስለሆነ 72 ያድርጉልኝ»፦ ስለ ውድድር ፎቶ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤቴ ይህን ልመና ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የጎዳና ሩጫ በተካሄደ ወይም ሆጤ ሜዳ ላይ ጨዋታ በነበረ ማግስት አንድ ወጣት ፍላሹን ይዞ ይመጣል። «ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ ስለምለጥፋቸው ወደ 72 ዲፒአይ ይቀይሩልኝ» ይለኛል። ለምን ስለው «300 ለህትመት ነው፤ ኢንተርኔት የሚቀበለው 72 ነው» ይላል። ማን እንደነገረው ስጠይቀው ሁሉም ሰው ይህንኑ እንደሚል ይመልስልኛል። ሁሉም ሰው ተሳስቷል።

ዲፒአይ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። «ይህ ፎቶ ወረቀት ላይ ሲታተም በአንድ ኢንች ይህን ያህል ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ይስፈር» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ፌስቡክም ሆነ የስልክህ ስክሪን ማስታወሻውን ከቁጥር አያስገባውም፤ የሚያየው ፒክስሉን ነው። ባለ 1600 ፒክስል ፎቶ ወስደህ አንዱን ቅጂ 72፣ ሌላውን 300 ብለህ ጎን ለጎን ክፈታቸው። አንድ ናቸው። ቁጥሩ የመጣው ከድሮ ኮምፒውተር ነው፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪን 512 በ342 ፒክስል ነበር፤ በአንድ ኢንች 72 ማለት ነው። ያ ስክሪን ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልወረደም።

ጉዳት ባይኖረው ኖሮ ዝም ባልኩ። ፎቶሾፕ ውስጥ የመጠን መስኮቱን ከፍተህ «ሪሳምፕል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ 300ውን በ72 ስትተካ የሚቀየረው ማስታወሻው ብቻ አይደለም፤ ፎቶው ራሱ ያንሳል። 6000 በ4000 የነበረው 1440 በ960 ይሆናል። ከ24 ሚሊዮን ፒክስል የሚተርፍህ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ በተካሄደ የጎዳና ሩጫ ላይ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንዲት ታዳጊ ሯጭ የመጨረሻውን ክር ስትበጥስ አነሳት። እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። ካየኋቸው የሩጫ ፎቶዎች ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። ልጁ በዚያው ማታ አራት መቶውንም ፎቶ በአንድ ጊዜ ወደ 72 ቀየረ፤ ዋናዎቹ ፋይሎች ላይ ደርቦ አስቀመጠ፤ የካሜራውንም ካርድ አጠፋ። ከሁለት ወር በኋላ የልጅቷ አባት ከገጠር መጡ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ ፈለጉ። ልጃቸው ከሌሎቹ ሯጮች መካከል ተቆርጣ ስትወጣ የቀረን 500 ፒክስል ስፋት ነበር። አንድ ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ፒክስል 2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ፊቷ አይለይም። ከፖስታ ካርድ ያልበለጠ አተምኩላቸው። «አብሽር፣ ይህም ይበቃናል» አሉኝ። እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

ስለዚህ ዲፒአይ የሚለውን ተውትና ፒክስል ቁጠሩ። ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጣችሁ አትንኩት። ከቅጂው ላይ ረጅሙን ጎን 2048 ፒክስል አድርጉት፤ ለፌስቡክ ይበቃል። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ሆኖ ሲቀመጥ ጥራቱ ከ100 ከ80 እስከ 85 ይሁን። ሻርፕ የምታደርጉት፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዞች የምታጎሉት፣ ካሳነሳችሁ በኋላ ነው፤ አስቀድማችሁ ካደረጋችሁት ድካሙ ከንቱ ነው። ጄፔግ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ማስተካከል ስትፈልጉ ሁልጊዜ ከዋናው ጀምሩ።

ሌሎችም የሚባሉ አሉ። «ቴሌግራም ፎቶ ያበላሻል።» እንደ ፎቶ ስትልከው ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ስትልከው እንዳለ ያደርሰዋል።

«የማሊያው ቀለም የፈዘዘው በስልኩ ምክንያት ነው።» ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ፎቶው አዶቤ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ሥርዓት እንደተቀመጠ ተልኳል። ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ አውጡት።

«ሯጩ የደበዘዘው የካሜራው ሜጋፒክስል ስላነሰ ነው።» ይህን የሚሉኝ ብድር ገብተው አዲስ ካሜራ ሊገዙ ሲነሱ ነው፤ እባካችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ይሄዳል። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) የሚከፈተው ለሰከንድ 1/100 ከሆነ፣ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሯጩ አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ተንቀሳቅሷል። 1/1000 ላይ አምስት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው። ድብዝዝታውን የሚያጠፋው ይህ ነው፤ አሮጌ ካሜራም ይችለዋል።

እዚህ ላይ «አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከፍ ካለ ፎቶው ይበላሻል» የሚል ስጋት ይመጣል። ደሴ ላይ ጠዋት ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ መንገዱ ላይ ሲወርድ አይኤስኦን ሳትጨምር 1/1000 አታገኝም። ጨምረው። ፎቶው ላይ የሚመጣው የነጠብጣብ ሽፍታ፣ ፎቶው ወደ 2048 ሲያንስ አብዛኛው አይታይም። በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፊት ግን በምንም አይመለስም።

የመጨረሻው «ሯጩ ፎቶውን ሞልቶ ካልታየ ጥሩ አይደለም» የሚለው ነው። ሰርፊንግ የሚባለውን፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል የመጋለብ ስፖርት፣ የሚያነሱትን ተመልከቱ። የአዳማን የቀድሞ ስም በምትጋራው የፖርቱጋሏ ናዛሬ፣ ጀርመናዊው ሴባስቲያን ስቶይትነር እ.ኤ.አ. በ2020 የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። ቁመቱ የተሰላው ከምስል ነው፤ መለኪያው የሰውዬው አካል ነበር። ሰውዬውን ብቻ ቆርጠው ቢያስቀሩት ማዕበሉም ልኬቱም አይኖርም። የእኛ ማዕበል ሐረጎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2500 ገደማ ላይ ናቸው። ያን ሽቅብ እየሮጠ የሚወጣ ልጅ ሳገኝ ጥምዝምዙን መንገድና ከታች የቀረውን ሜዳ አብሬ አስገባለሁ፤ ልጁ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ወጣቶቹ ከዚያው ዳገት ፊቱን ብቻ ቆርጠው ያመጡልኛል። «ዳገቱስ የታለ?» እላቸዋለሁ።