ዔሊ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ

ሰላም ቅዱሳን፣ ሰሞኑን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝና ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ሐናን ሁላችንም እናውቃታለን፣ ልጅ የላትም፣ ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ መቅደሱ ወዳለበት ወደ ሴሎ ሲወጡ እያበሳጨች ታስለቅሳታለች፣ እህል እንኳን አልበላ ይላታል። ከዛ ተነስታ ትጸልያለች ግን በልቧ ነው፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ካህኑ ዔሊ ደግሞ መቅደሱ በር ጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አፏን ያያል። አፏን ነው የሚለው ቃሉ! በቃ ሰክራለች አለ። ልጄ ምን ሆነሽ ነው የለ ምን የለ፣ ቀጥታ ስካርሽ እስከ መቼ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሐና ስትመልስለት እንደ ምናምንቴ ሴት አትቁጠረኝ ትላለች፣ ከዛ ገለጥ አድርጋችሁ ምዕራፍ 2 ቁጥር 12 ስትሄዱ ያው ቃል ይመጣል፣ የዔሊ ልጆች ምናምንቴዎች ነበሩ ይላል። አፍኒንና ፊንሐስ፣ እነዛ የመሥዋዕቱን ሥጋ ገና ስቡ ሳይቃጠል በግድ የሚያስወስዱት። እና ወሬያቸውን ሲሰማ እንዴት እንደተናገራቸው እዩልኝ፣ "ልጆቼ ሆይ" እያለ ነው የመከራቸው። ለማያውቃት ሴት ቁጣ፣ ለራሱ ልጆች ለስለስ ያለች ምክር። እኛስ ብትሉ ያው ነን፣ የኛ ሰው ሲያጠፋ ደክሞት ነው እንላለን፣ ሌላው ሲያጠፋ ባህሪው ነው።

እኔም እንደ ዔሊ በር ላይ ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ነኝ ማለቴ ነው (በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉን ያየ ይመስለዋል፣ ይሄ የኛ በሽታ ነው)። አንዲት እህት ሁሌ አርፍዳ ትመጣና ስብከቱ ሳያልቅ ትወጣለች። ለወራት በሆዴ ይዤባት አንድ ቀን ስትወጣ ዛሬም ቸኮልሽ አልኳት፣ በአሽሙር ነው እንጂ ጥያቄ እንኳን አልነበረም። እሷ ግን ቁም ነገር መስሏት ቆማ መለሰችልኝ፣ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ ጎረቤት ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው የምትይዝላት። መግቢያ አጣሁ።

ዔሊን ግን የማደንቅበት ነገር አለ፣ ሐና ስትነግረው አልተከራከረም። ታዲያ ለምን ድምፅ አታወጪም አላላትም፣ እዛው በደኅና ሂጂ፣ የእስራኤል አምላክ የለመንሽውን ይስጥሽ ብሎ መረቃት። ሽማግሌ ካህን ሆኖ በአንድ አፍታ ቃሉን መመለስ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ያን ቀን እሺ ብቻ ብዬ ነው የሸኘኋት፣ ይቅርታ ለማለት ሁለት እሁድ ፈጀብኝ።

አሁን በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሰው እንዳይቀመጥባት መጽሐፍ ቅዱሴን አስቀምጥባታለሁ።