ካም አልዋሸም፦ ልጆቻችን በስልክ የባልንጀራቸውን ገመና እንዲሸፍኑ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ልጆችና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ስንጨነቅ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ሰዓቱን ነው፤ «ስልክ ላይ አፍጥጦ ይውላል»፣ «ጥናቱን ረሳ» እንላለን። ይህም ተገቢ ነው። ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጃችን በያዘው ስልክ ባልንጀራውን ምን እያደረገው እንደሆነ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9ን እናስታውስ። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ ሰከረ፤ በድንኳኑም ውስጥ ዕራቁቱን ሆነ። ልጁ ካም አየና ወደ ውጭ ወጥቶ ለሁለቱ ወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ሸማ ወስደው በጫንቃቸው ላይ አደረጉ፤ እንዳያዩም ፊታቸውን መልሰው የኋሊት ሄዱና አባታቸውን አለበሱት።

ልብ እንበል፤ ካም አልዋሸም። የተናገረው በዓይኑ ያየውን ነው። ልጆችን «የሌለ ነገር አትጻፉ» ስንላቸው «እውነት ነው እኮ! ራሱ የጻፈው ነው፣ ስክሪንሾቱ አለኝ» ይሉናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የካም ታሪክ ነው። እውነት ቢሆንም ከድንኳኑ የማይወጣ ነገር አለ።

በልጆቻችን ዘንድ ነገሩ እንዲህ ይፈጸማል። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ይጥላታል፤ አንዱ ፎቶ ያነሣታል። ማታ ፊቷ ተቆርጦ የቴሌግራም ስቲከር ይሆናል። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ግሩፕ «ደከመኝ» የሚል ሁሉ የእሷን ፊት ይልካል። የሠራው ልጅ ተጸጽቶ መልእክቱን ቢያጠፋው እንኳ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው እዚያው ይቀራል። እሷ ሰኞ ጠዋት «ራሴን አሞኛል፣ አልሄድም» ትላለች፤ ምንም ያላወቀች እናቷ ዳማከሴ ትጨምቅላታለች።

እዚያ ግሩፕ ውስጥ ያለው ልጃችን ሴምንና ያፌትን እንዲመስል ምን እናስተምረው? አለመሳቅና አለማስተላለፍ መጀመሪያው ነው፤ ግን ሸማውን ማንሣትም አለበት። ለሠራው ልጅ በውስጥ መስመር «አጥፋው» ይበለው፤ ጌታችንም በማቴዎስ 18፥15 ወንድምህን አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሏል። በሁሉ ፊት ስድብ ቢጀምር ሌላ ካም ይሆናል። ለልጅቷም ደውሎ «አይዞሽ» ይበላት። ደግሞም ሸማውን የያዙት ሁለት ሆነው ነው። የክፍሉን ሁሉ ሳቅ አንድ ልጅ ብቻውን መቋቋም ይከብደዋልና አብሮት የሚቆም ጓደኛ አስቀድሞ እንዲኖረው እንርዳው።

ይህን ሁሉ ከእኛ ካላዩ ግን በቃል ብቻ አይማሩትም። ልቅሶ ቤት ደረቷን በምትመታ እናት ላይ ስልክ የምንደቅነው እኛ ነን። ልጃችን የወደቀበትን ውጤት ለዘመድ ግሩፕ የምንልከውም እኛው ነን። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክና ኢንስታግራም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም፤ ዕድሜውን ጨምረን ከከፈትንለት በዚያ ስልክ የመጀመሪያውን ሐሰት ያስተማርነው እኛ ነን።

የተዋረደው የእኛው ልጅ ቢሆንስ? ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከወላጅ የሚደብቁት ብዙ ጊዜ ስልካቸውን እንዳንነጥቃቸው ፈርተው ነው። ስለዚህ ምንም ሳይደርስበት ገና ዛሬ «ቢደርስብህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልወስድብህም» እንበለው፤ ቀኑ ሲመጣም ቃላችንን እንጠብቅ። ያን ቀን «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» ብለን ከጀመርን ሁለተኛ አይነግረንም።

ስቲከሩን የሠራው የእኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ «ልጅ ነው፣ ቀልዶ ነው» ብለን አንለፈው። ወደ ንስሐ አባቱ ይቅረብ፤ ነገር ግን ዘኬዎስ «የበደልሁት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ» እንዳለ፣ እርሱም የወሰደውን ክብር ይመልስ። አስቀድሞ ልጅቷን ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቃት፤ የሳቁባትም ልጆች እንዲሰሙ እዚያው ግሩፕ ላይ ጥፋቱን ይመን። እሷ «ነገሩ እንደገና እንዲነሣ አልፈልግም» ካለች ግን ፈቃዷ ይጠበቅላት፤ ይቅርታው በሁለቱ መካከል ይጨረስ።