ታይተር ምርመራ ምንድን ነው?

ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ግቢ ያለው ሰው ውሻ ያሳድጋል። ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ ሌባም አይጠፋም። ቤተሰቡ ቪዛ ወጥቶለት ወደ ጀርመን ወይም ጣሊያን ሊሄድ ሲነሳ ልጆቹ «ቡቺስ?» ይላሉ። ማስከተብና የጉዞ ሳጥን መግዛት የሚበቃ ይመስላል። የእንስሳት ሐኪሙ ግን «ታይተር ተሠርቶለታል?» ብሎ ይጠይቃል።

ታይተር የደም ምርመራ ነው። ውሻው መከተቡን ሳይሆን ክትባቱ መሥራቱን ያሳያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ እንስሳ ቫይረሱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ የሚለካው እሱ ነው። ማለፊያው በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ደሙ እዚህ ይቀዳል፣ ሴረሙ (ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ተለይቶ ቅዝቃዜው ሳይጠፋ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። የአውሮፓ ኅብረት የሚቀበለው እውቅና የሰጣቸውን ላብራቶሪዎች ውጤት ብቻ ነው። ለድመትም ሕጉ ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በውጤቱ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ ክትባት፣ ከዚያ ደም። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታክል ናት፤ በመርፌ ከቆዳ ሥር ትገባለች፤ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አላት። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም። የተከተበው ይኸው ውሻ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ቺፑና ክትባቱ በአንድ ቀን ቢሆኑ ችግር የለውም። ቡችላ ከሆነ ደግሞ 12 ሳምንት ሳይሞላው አይከተብ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ቡቺ መስከረም 1 ቀን 2018 ቺፕ ገብቶለት ተከተበ እንበል። ደም የሚቀዳው ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ጥቅምት 1። ከዚያ 3 ወር ይጠበቃል። በእኛ ወር ቢቆጠር ጥር 1 ይሆናል፤ አውሮፓውያኑ ግን በራሳቸው ወር ከኦክቶበር 11 እስከ ጃንዋሪ 11 ስለሚቆጥሩ ጥር 3 ነው። ውጤቱ በሳምንት ቢመጣም ጥበቃው አያጥርም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይሄን አስሉ። «ሰው እናነጋግራለን» እዚህ አይሠራም።

የክትባት ካርዱንም እዩት። ሰፈር ያለው ክሊኒክ በለመደው እጁ «01/01/2018» ብሎ ማኅተም ሊመታበት ይችላል። ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ ይህን ያለፈበት ክትባት አድርጎ ያነበዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር ያስጽፉ፤ የቺፑ ቁጥርም በካርዱ ላይ ይስፈር። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚያጸድቀው የጤና ሰርተፊኬት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለመግቢያ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ስለሆነ እሱ የመጨረሻው ሥራ ነው።

አሜሪካ ለሚሄድ ውሻ ሕጉ ሌላ ነው። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ እዚሁ የተከተበ ውሻ ተቀባይነት ያለው ታይተር ከሌለው፣ እዚያ ሲደርስ 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ለአውሮፓ አንዴ ያለፈ ታይተር ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ተከታዩ ክትባት ጊዜው ሳያልፍ እስከተሰጠ ድረስ። በአንድ ቀን ካለፈ ግን ክትባቱ፣ ደሙና የ3 ወሩ ጥበቃ እንደ አዲስ ይጀምራል።