ብር አይደለም፣ ፌልድስፓር ነው

የአክስቴ ልጅ ከሞጣ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ለአጥር ካብ የፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ነው። ውስጡ ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ስንጥሮች አሉ፤ ፀሐይ ላይ ገልበጥ ሲያደርጉት ብልጭ ይላሉ። «ጋሼ፣ ብር ነው አይደል?» ይለኛል። ብር አይደለም፣ ፌልድስፓር የሚባል ድንጋይ ውስጥ ያለ ማዕድን ነው። ከዚያ እስከ ማታ ተከራከርን፤ ያነሳቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ስሙን ሰምቼው አላውቅ፣ ብርቅ ነገር መሆን አለበት»

ብርቅስ አይደለም። ከምድር ቅርፊት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፌልድስፓር ነው። የጮቄ ተራራ፣ የዓባይ በረሃ አናት ላይ ያለው ጥቁር ገደል፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ድንጋይ፣ ሁሉም ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ደግሞ አንዱ ዋና ማዕድኑ ይኸው ነው። ጨረቃ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው ክፍል እንኳ በአብዛኛው እሱ ነው።

«እንግዲያው ጮቄን ፈጭተን እንሽጠው!»

ቀስ በል። ፌልድስፓር የአንድ ማዕድን ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው፤ አንዱ ፖታሲየም ይበዛዋል፣ ሌላው ሶዲየም፣ ሌላው ካልሲየም። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያለው ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ነው፣ እሱም ደቃቅ ሆኖ ብረት ከበዛባቸው ማዕድናት ጋር ተጣብቋል። ብረት ደግሞ ብርጭቆን ያቀልማል። ፋብሪካ የሚፈልገው እንደ ግራናይት ካሉ ድንጋዮች የሚወጣውን፣ ብረት የሌለበትን ነው።

«ነጭና ጠንካራ ከሆነ ኳርትዝ ነው»

ኳርትዝ ሌላ ማዕድን ነው። በጥንካሬ ግን አትለያቸውም፣ ሁለቱም መስታወት ይጭራሉ። ስበረውና እይ፤ ፌልድስፓር ለጥ ባለ ገጽ ይሰነጠቃል፣ ኳርትዝ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ይሆናል።

«ለጌጥ ካልሆነ ምን ይሠራል?»

ለጌጥ የሚሆን አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ዋናው ሥራው ሴራሚክና ብርጭቆ ነው። የተሰበረ ጀበናና የተሰበረ ሲኒ ካለህ ስባሪያቸውን ምላስህ ላይ አድርግ (ቀስ ብለህ፣ እንዳይቆርጥህ)። ጀበናው ምላስ ይይዛል፣ ምክንያቱም ሸክላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነውና ምራቅህን ይመጥጣል። ጥሩ ሲኒ ግን አይይዝም። ጭቃው ውስጥ የተጨመረው ፌልድስፓር በምድጃው ግለት ቀልጦ ቀዳዳዎቹን እንደ ብርጭቆ ሞልቷቸዋል። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክም እንደዚያው። ለብርጭቆ ሲሆን ደግሞ አሉሚና (የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውህድ) ይሰጠዋል፣ ያ ነው የሚያጠነክረው።

«ፖታሲየም ካለው ፈጭቶ ማሳ ላይ መበተን ነዋ»

ይቺን ብዙ ሰው ይላታል። የፖታሲየሙ ዓይነት በኬሚስትሪው ስሌት 17 በመቶ ገደማ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚፈለገው የፖታሲየም ውህድ) አለው፣ ውሸት አይደለም። ግን ድንጋዩ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፤ እንደ ዳሎል ፖታሽ ውኃ ሲነካው አይሟሟም፣ ለዘንድሮ ጤፍ አይደርስም።

«አፈርና ድንጋይ ምን አገናኛቸው?»

እዚህ ላይ ነው የተደነቀው። የዝናብ ውኃ በብዙ ሺህ ዓመታት ከፌልድስፓሩ ሶዲየሙንና ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፣ የቀረው ሸክላ አፈር ይሆናል። ውኃው ሜዳ ላይ ሲተኛ ዋልካ ይወጣዋል፤ ያ ክረምት እግር የሚይዘው፣ በጋ ጅራፍ የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፍተው። ዳገት ላይ ውኃው ሲወርድ ደግሞ ቀይ አፈር።

«እና ድንጋዩን ምን ላድርገው?» አለ። ካቡ ላይ መልሶታል አሉ፣ የሚያብለጨልጨውን ጎን ወደ መንገዱ አዙሮ።