ሚዲ ኮንትሮለር ምንድን ነው? ዲጂታል ፒያኖ ካላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ነው

ቤቱ ዲጂታል ፒያኖ ያለው ሰው ሙዚቃ መቅዳት ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሚዲ ኮንትሮለር የት ነው የሚሸጠው?" ብሎ ነው። አትግዙ። ቢያንስ ለጊዜው አትግዙ። መጀመሪያ የፒያኖውን ጀርባ እዩ፤ "ዩኤስቢ ቱ ሆስት" የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ አራት ማዕዘን የሆነ ቀዳዳ ካገኛችሁ ኮንትሮለር አላችሁ ማለት ነው።

ሚዲ ኮንትሮለር ሌላ ድምፅ የሚያወጣ ነገርን የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ራሱ ድምፅ ቢኖረውም ባይኖረውም ለውጥ የለውም። ቁልፍ ስትጫኑ በገመዱ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ድምፅ አይደለም፣ መልእክት ነው። "ቁጥር 60 ተጫነ፣ ኃይሉ ይህን ያህል ነው።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ቁጥር 60 ተለቀቀ።" በቃ ይኸው ነው፤ ሚዲ የሚባለው ይህ የመልእክት ቋንቋ ነው። 60 መሃል ላይ ያለው ዶ ነው፤ ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ግራ ጫፉ ላይ ከ21 ጀምሮ ቀኝ ጫፉ ላይ በ108 ያልቃል። የአመታታችሁ ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይለካል። የቀኝ እግር ፔዳልም እንደዚሁ በቁጥር ነው የሚነገረው። ድምፁን የሚሠራው ላፕቶፑ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ እናንተ ፒያኖ ብትነኩም እሱ ቫዮሊን ወይም ቤዝ አድርጎ ሊያሰማው ይችላል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥሩ ሁለት ኪቦርዶች፣ የአሜሪካው ሴኩዌንሻል ሰርኪትስ ሲንተሳይዘርና የጃፓኑ ሮላንድ ሲንተሳይዘር፣ በገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ ጮኸ። ተፎካካሪዎች አንድ ቋንቋ ሲናገሩ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሁለቱ ኩባንያዎች መሥራቾች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመዋል። የዚያን ጊዜው ሕግ እስካሁን ይሠራል፤ ስለዚህ ፒያኖአችሁ አሮጌ ሆኖ ዩኤስቢ ባይኖረውም፣ ባለ አምስት እግር ክብ የሚዲ ቀዳዳ ካለው ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ይገናኛል።

ድምፅ ሳይሆን ቁጥር መቅዳት ምን ይጠቅማል? በእኛው ቅኝት ልንገራችሁ። ትዝታ ሜጀርን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብላችሁ ተጫወታችሁ እንበል። ከቀዳችሁ በኋላ "ማይነር ቢሆን ይሻል ነበር" አላችሁ። በማይክ የተቀዳ ድምፅ ቢሆን እንደገና መጫወት ነው። በሚዲ ግን ሚዎቹንና ላዎቹን በሙሉ መርጣችሁ በአንድ ቁጥር ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ 64 የነበረው 63፣ 69 የነበረው 68 ይሆናል፣ ቅኝቱም ይቀየራል። አመታቱና ጊዜው እንዳለ ነው። የተሳሳተች አንዲት ኖታም ብቻዋን ትታረማለች። ፋይሉ ደግሞ ኢምንት ነው፤ በሲዲ ጥራት የተቀዳ ስቴሪዮ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ሲፈጅ፣ የአንድ ሙሉ ዘፈን ሚዲ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው። ውጭ አገር ላለ ጓደኛችሁ በቴሌግራም ለመላክ ፓኬት መቁጠር የለም።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። የሚያስፈልገው ገመድ ፕሪንተር ላይ የሚሰካው ነው፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፍላሽ የሚሰካበትን ቀዳዳ ግን ከዚህ ጋር አታምታቱ። ከዚያ የለመዳችሁትን የመቅጃ ሶፍትዌር ትከፍቱና የሚዲ ግብዓት ላይ የፒያኖውን ስም ትመርጣላችሁ። ማክ ያለው ሰው ጋራጅባንድን በነፃ ያገኛል።

አሁን ሰው የሚማረርባቸው ሁለት ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው ድምፁ ድርብ ሆኖ መስማት ነው፤ ፒያኖው የራሱን ያወጣል፣ ኮምፒውተሩም የራሱን። የፒያኖውን ድምፅ እስከ መጨረሻ ቀንሱት፣ ወይም መመሪያው ላይ "ሎካል ኮንትሮል" የሚለውን ፈልጋችሁ አጥፉት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሪትም መጠበቅም አይቻልም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፒያኖው ሳይሆን የኮምፒውተሩ የድምፅ ቅንብር ነው። ዊንዶውስ ላይ "አሲዮ ፎር ኦል" የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ጫኑና በፈር የሚለውን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው የናሙና ብዛት ነው) ወደ 128 አውርዱት፤ በሰከንድ በ44,100 ናሙና ሲሰላ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ጆሮ አያውቀውም። 1024 ላይ ከሆነ 23 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ ያኔ ጣት ይረበሻል። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ 128 ላይ ድምፁ መንጣጣት ሊጀምር ይችላል፤ 256 ሞክሩ። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ግን ጭራሽ አታስቡት፣ ባለ ገመዱን ተጠቀሙ።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ የወደዳችሁት የፒያኖው የራሱ ድምፅ በሚዲ አይቀዳም። እሱን ከፈለጋችሁ ከፒያኖው የድምፅ መውጫ ገመድ ስባችሁ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ወደሚያስገባው መሣሪያ፣ ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማስገባት አለባችሁ። ድምፁንም በዩኤስቢ የሚልኩ ሞዴሎች አሉ፤ የያማሃ ፒ-125 ይልካል፣ ፒ-45 ግን ሚዲ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ሞዴል መመሪያ እዩ።

በእኔ እይታ የዲጂታል ፒያኖ ትልቁ ጉድለት ለእኛ ዘፈን ነው። ብዙዎቹ ድምፅ ማጠፊያ ጎማ፣ ማለትም ኖታን እያንሸራተተ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሽከርከሪያ፣ የላቸውም። ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፣ ያንን በቀጥታ ቁልፍ አታገኙትም፤ ከቀዳችሁ በኋላ በማውስ መሳል አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ ያሰለቻል። ከበሮ በከባድ ቁልፍ መምታትም ጣት ያደክማል። ሥራችሁ ቢትና ማሲንቆ ላይ ካመዘነ ጎማና በጣት የሚመታ ፓድ ያላት ትንሽ ኮንትሮለር ብትጨምሩ ያዋጣል። ፒያኖ፣ ኦርጋንና ስትሪንግ ለሚጫወት ግን ክብደት ያለው 88 ቁልፍ የሚሰጠውን ስሜት ያቺ ትንሿ አትሰጥም።

የመብራት ነገርም አለ። ትንሿ ኮንትሮለር ከላፕቶፑ ኃይል ትወስዳለች፣ ትልቁ ፒያኖ ግን የራሱ አዳፕተር አለው። ቁልፍ ይዛችሁ ሳላችሁ መብራት ቢሄድ "ተለቀቀ" የሚለው መልእክት ሳይላክ ይቀርና ላፕቶፑ ላይ ያቺ ኖታ መጮኋን ልትቀጥል ትችላለች። ሶፍትዌሩ ውስጥ "ፓኒክ" ወይም "ኦል ኖትስ ኦፍ" የሚለውን መጫን ነው፤ እስከዚያ የተጫወታችሁት አልጠፋም፣ ሴቭ አድርጉት።